ዘርፈሽ አንድም ቀን አልቀረችም

አሥራ አራት ተማሪዎች አሥር ሳምንት ሙሉ በአንዲት ልጅ ስም ሲማሩ ከረሙ፤ ይህን ማየት የነበረባት ሐሴት ደግሞ አላየችም። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው።

ያወቀችው ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቢሮዋ ነቀምቴ፣ ከመናኸሪያው በላይ ያለ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነው፦ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ካላነሱት የማይገጥም በር። ዝናቡ ሲጀምር እንጨቱ ውሃ ስለሚጠጣ ሰው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎት ይሄዳል። የባጃጁ ጥሩምባና የረዳቶቹ "ጊምቢ! ጊምቢ! አንድ ሰው!" ያለከልካይ ይገባል። ሐሴት ይህን ጩኸት መስማት ካቆመች ቆይታለች። ስልክ የሚደውሉላትን ሰዎችም የምትሰማቸው እንደዚያው ነበር።

ሥራዋ ለመናገር ቀላል ነው። ፕሮግራሙ በግጭቱ ጊዜ ትምህርት ቤታቸው ለዓመታት የተዘጋባቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በኢንተርኔት ያስተምራል። መምህሩ ነቀምቴ ካሜራ ፊት ይቆማል፤ ተማሪዎቹ በየቀዬአቸው ሆነው በስልክ ይከታተላሉ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። መግባት ያቃተው ተማሪ ወይም ወላጅ ሲደውል የምታነሳው ሐሴት ናት። የተደወለው ሁሉ ቲኬት ተብሎ ሲስተሙ ላይ ይመዘገባል፤ ችግሩ ሲፈታ ቲኬቱ ይዘጋል። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ካልተዘጋ ከላይ ጥያቄ ይመጣል። የሐሴት ዘጠና ስድስት ነበር። ውሏ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ የሚታደሰው በዚህ ቁጥር ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከደብረ ብርሃን ነቀምቴ ከመጣች ሰባት ዓመቷ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ የምትሠራው ሥራ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ "ይውጡና እንደገና ይግቡ።" በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አንዳንዴም አርባ ጊዜ ትለዋለች። ደዋዩ ይወጣል፣ ይገባል፣ "ኧረ ሠራ!" ይላል፤ እሷ "ተፈቷል" የሚለውን ትጫናለች።

ትምህርቱ ባለፈው ዓርብ አልቋል። ረቡዕ ከሰዓት ጊዜያዊው ዝርዝር በአጭር መልእክት ለወላጆች ተላከ። ከሠላሳው ክፍለ ጊዜ ከመቶ ሰባውን የተገኘ ተማሪ ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ነቀምቴ መጥቶ አንድ ወር እያደረ ይማራል። ያልተገኘ ባለበት ይቀራል። የመጨረሻው ዝርዝር የሚዘጋው ሐሙስ አሥር ሰዓት ነው። ከአንገር ጉቲን አሥራ አራት ተማሪ ተመዝግቦ የወጣው ስም አንድ ነበር። ዘርፈሽ። ሠላሳውንም ቀን ተገኝታለች።

ስልኩ ጮኸ።

"የቀጥታ ትምህርት ድጋፍ ነው፤ ማን ልበል?"

"እንደምን አደርሽ ልጄ። ባዩሽ ነኝ፣ ከአንገር ጉቲን። የዘርፈሽ እናት።"

"እንኳን ደስ አለዎት። ልጅዎ አልፋለች።"

"እሱን ብዬ ነው የደወልኩት። ሰርዥልኝ።"

"ምኑን?"

"ስሟን። እንቢ ካልሽም ሌሎቹን ጨምሪ። ልጄ ብቻዋን አትመጣም።"

ሐሴት አንድ እጇን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች፣ "ስለ ማደሪያው ሰግተው ከሆነ የሴቶቹ ለብቻ ነው፤ ጥበቃም አለው" አለች። ይህን መልስ ከትናንት ጀምሮ ለአሥር ሰው ብላዋለች።

"ኧረ እሱ አይደለም ሆዴ! ልጄ እኮ ያን ሁሉ ቀን አልተማረችም። ሁለቴ ነው የገባች። እጣው የወጣላት ሁለቴ ነው።"

"የምን እጣ?"

"የክፍሉ ነዋ! ስልኩ አንድ ሰው አይደል የሚያስገባ? ሁለተኛው ሲገባ ፊተኛውን አውጥቶ ይጥለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሲገፈታተሩ ሰነበቱ። ኋላ ቢቸግራቸው እንደ እቁብ ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ማውጣት ጀመሩ። የወጣለት ይገባል፣ ይጽፋል፤ በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ለሌሎቹ ያስተምራል። እናንተው ናችሁ እንዲህ ያደረጋችሁት።"

"እኛ አንድ ሰው ብቻ ይግባ አላልንም፣ ወይዘሮ ባዩሽ።"

"ይውጡና እንደገና ይግቡ የምትይው አንቺ አይደለሽም?"

ሐሴት የአንገር ጉቲንን ገጽ ከፈተች። አሥራ አራት ስም ተደርድሯል። ከዘርፈሽ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ አለ። ከአሥራ ሦስቱ ጎን ግን በግራጫ ፊደል አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ ግብዣ ተልኳል፤ አልተከፈተም። ቲኬቶቹ የሚታዩት በሌላ ገጽ ነው፤ ይህኛውን ገጽ በአሥር ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜም አልከፈተችውም። አንዴ መጫን ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

"ማን ነው መጀመሪያ የከፈተላቸው?"

"ቀነአ ነው፣ ባለ ሞባይል ቤቱ። ሁሉም እሱ ጋ ሄዱ። በልጄ ስም አንዱን ከፈተና የሚስጥር ቁጥሩን ለሁሉም አደላቸው።"

"ለምን ታዲያ በአንዱ ስልክ አብረው ተቀምጠው አይማሩም ነበር?"

ባዩሽ ለልጅ እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ ተናገረች፦ "የሦስት መንደር ልጆች ናቸው እኮ። አሥራ አራት ጎረምሳና ኮረዳ በሳምንት ሦስቴ አንድ ቤት ተሰብስቦ ሲውል፣ ማን ነው የሰበሰባቸው አይባልም? ሁለት ሦስት ሆነው ነው ደብተሩን የሚያዩ።"

ሐሴት ያንን መጠየቅ እንዳልነበረባት ገባት።

"እንግዲያው ሌሎቹ ቢናደዱም ልጅዎ ምን አደረገች? ስሟ ነው የወጣው፤ ትምጣ።"

"አንቺ ልጅ የምነግርሽን ስሚኝ። ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከቀሩት ልጆች አንዷ ኢቢሴ ናት፤ የእኔና የእናቷ አጥራችን አንድ ነው። ስንሸሽም የተሸሸግነው አንድ ላይ ነው። አሁን ያን ሁሉ ልጅ ጥሎ የአማራዋን ልጅ ብቻ ወሰደ ሲባል፣ ነቀምቴ ማን አላት? ማን ጻፈላት? ይባላል። ዛሬ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። የኢቢሴ እናት ሰላም አለችኝ። ጄሪካኑን ግን አላሸከመችኝም። ሁልጊዜ እሷ ናት የምታሸክመኝ።"

ከመናኸሪያው ሰው ይጮሃል። ሐሴት ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው።

"እስከ አሥር ሰዓት ስልክዎን እንዳያጠፉ" አለች። "ቀነአ ሱቁን ሲከፍት ይደውልልኝ።"

"ተከፍቷል። ከሱቁ ነው የምደውልልሽ። እንካ ቀነአ፣ ያችው ናት።"

* * *

"አካም ቡልቴ ኦቦሌቲ! እንደምን አደርሽ እህቴ! ኢንጂነሯ ነሽ?" የቀነአ ድምፅ ሳቅ ሳቅ ይላል።

"ኢንጂነር አይደለሁም። ለአሥራ አራት ሰው አንድ መግቢያ የከፈትከው ምን አስበህ ነው?"

"እኔ እዚህ ኳስ አሳያለሁ። አንድ ዲሽ፣ አንድ ዲኮደር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰማንያ ሰው ያያል። አንድም ቀን ዲኮደሩ፣ አንተ ማነህ፣ በስምህ ግባ ብሎ አያውቅም።"

"ይሄ ዲሽ አይደለም።"

"አሁን አወቅኩ። ያኔ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር። ስንት ጊዜ ደወልን?"

ሐሴት ወደ ቲኬቶቹ ገጽ ተመልሳ ቁጥሩን አየችው። አርባ አንድ ጊዜ።

ለነገሩ ለሚሰማ ሰው የቀነአን ስህተት መረዳት አይከብድም። እሷ ግን ስህተቱን ሳትሰማ መድኃኒቱን ነበር የምታዘው። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ቦንቱ፣ ትደውላለች፤ ውጪና ግቢ ትላታለች። ቦንቱ ስትገባ ጋሩማ ይወድቃል። ጋሩማ ይደውላል፤ ውጣና ግባ ትለዋለች። ጋሩማ ሲገባ ኢቢሴ ትወድቃለች። ሁሉም "ሠራ" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ለእያንዳንዳቸው ሠርቷል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረገች በኋላ ከአንገር ጉቲን መደወሉ ቆመ። ያን ጊዜ፣ እዚያስ ተስተካከለ፣ ብላ ነበር።

አስተባባሪው አቶ መርጋ አራት ሰዓት ላይ ገባ። ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር የነበረ፣ ሰው ላይ የማይጮህ ሰው ነው። እሷ ኦቦ መርጋ ነው የምትለው። ጃንጥላውን አራግፎ ጥግ ላይ አቆመና የምትለውን ሁሉ ቆሞ ሰማት።

"ስለዚህ ዘርፈሽ የምትባለዋ..."

"ሁለት ቀን ብቻ ነው የተማረችው። በቀሩት ቀናት በስሟ የገቡት ሌሎች ናቸው።"

"መምህር አሳምነው ምን ይለኝ ነበር ታውቂያለሽ? የአንገር ጉቲኗ ልጅ አንደኛ ናት፤ ካሜራ አታበራም እንጂ የማትመልሰው የለም።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ደንቡ የሚያውቀው ሲስተሙን ነው፣ ሐሴት። ሲስተሙ አሥራ ሦስቱ አንድም ቀን አልገቡም ይላል።"

"ሌላ አንቀጽ አለ።" መመሪያውን አትማ ይዛዋለች። "ያጋጠመው ችግር ተመዝግቦ ያልተፈታለት ተማሪ፣ ቲኬቱ ክፍት ሆኖ የቀረባቸው ቀናት እንደ ቀሪ አይቆጠሩበትም።"

"መልካም። የእነሱ ቲኬት ስንት ነው?"

"አርባ አንድ።"

"ክፍት የሆነው ስንት ነው?"

"አንድም የለም።"

"ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

አቶ መርጋ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ነው የሚመስለው፤ ይህ ደግሞ ከንዴቱ የባሰ ነበር።

"በስህተት ነው የዘጋሁት ብዬ መልሼ መክፈት እችላለሁ" አለች ሐሴት። "በእያንዳንዱ ላይ ምክንያት ጽፌ፣ በስሜ። ከተከፈተ ከሁለተኛው ሳምንት እስከ መጨረሻው ያለው ቀን በሙሉ አይቆጠርባቸውም።"

"ከዚያስ ያንቺ ቁጥር የት ይወርዳል?"

"ከዘጠና አምስት በታች።"

"ውልሽ ደግሞ..."

"አውቃለሁ ኦቦ መርጋ።"

"ግብዣውን ያልከፈተ ስም ዝርዝሩ ላይ እንደማይወጣስ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ አሥራ ሦስቱም በየስማቸው መከፈት አለባቸው። በዚህ ኔትወርክ፣ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ።"

"እጀምራለሁ።"

* * *

አሥራ ሦስት ሰው በስልክ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ያስቸግራል። ለእያንዳንዱ ስም ስድስት አኀዝ ያለው ቁጥር በመልእክት ይላካል፤ ተማሪው ቁጥሩን ያነብላታል፤ እሷ ታስገባለች። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለአሥር ደቂቃ ነው። ከአሥራ ሦስቱ የራሱ ስልክ ያለው አራት ሰው ነው፤ ሌሎቹ ያላቸው ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ቀነአ በእሱ ስልክ አንዱን ሲም በመርፌ ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፣ ስልኩ እስኪነሳ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ይሮጣል። እስኪደርስ ሰባት ደቂቃ አልፏል።

"አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ..."

"ቀጥል።"

"ወፍጮው ተነሳ፣ አይሰማም! አራት፣ አራት..."

"ቀጥል ብዬሃለሁ!"

"ኢንጂነር፣ እኔን ብትቆጪ ወፍጮው አይቆምም።"

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሐሴት መቆጣቱን ተወችው። ከእርጋታ አይደለም፤ ጉሮሮዋ ስለደረቀ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። በላፕቶፑ ባትሪና በራሷ ስልክ ኢንተርኔት ቀጠለች። የጋሩማ አባት ሲሙን በኪሱ ይዞ ማሳ ወርዷል ተባለ፤ ሰው በሞተር ተላከበት። ሞተሩ ሲመለስ ሲሙን አምጥቷል፤ አባትዬውንም አምጥቷል፣ ሲሜን ለማንም አልሰጥም ብሎ። ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ራሱ አነበበላት፤ አንዱንም አልሳተም።

ስሞቹን በየተራ የምትጠራው ቦንቱ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ባይዘጋ ኖሮ አሁን ዩኒቨርሲቲ ትጨርስ ነበር። የእጣው ጸሐፊ እሷ ናት። ሐሴት ጠይቃት የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችላት፤ ፎቶዎቹ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ እስኪያልፉ ሃያ ደቂቃ ወሰዱ። ሃያ አራት ቀን፣ ሃያ አራት ትምህርት፣ በአሥራ አራት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ። አናቱ ላይ ቀኑና እጣው የወጣለት ሰው ስም። ጎን ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፦ "ይህ ለኢቢሴ አልገባትም፤ ድገሙላት።" "የጋሩማ ስዕል ልክ አይደለም፤ ቦንቱ አስተካክላዋለች።"

"መምህሩ አላወቁም?" አለች ሐሴት።

ቦንቱ ሳቀች። "ጋሩማ በገባ ቀን፣ ዘርፈሽ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ፣ ድምፅሽ ጎረነነብኝ፣ አሉት። ጋሩማ፣ አዎ መምህር፣ አለ። ትኩስ ነገር ጠጪ አሉት።"

"እሱስ?"

"ጠጣ። መምህር ያሉትን እንዴት እንቢ ይላል?"

ሐሴት ልትስቅ ነበር፤ ሰዓቷን አየችና ተወችው። ሰባት ተኩል ሆኗል። ዘጠኝ ስም አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አሥራ ሁለት።

"የመጨረሻው ጂሬኛ ነው" አለች ቦንቱ። "ቁጥሩን እኔ ላንብብልሽ።"

"እዚያ የለም እንዴ? ራሱ ያንብብ፤ ስሙንም ማረጋገጥ አለብኝ።"

ከወዲያ በኦሮምኛ ሹክሹክታ ተሰማ። ቦንቱ ተመለሰች። "አልይዝም አለ ስልኩን።"

"ለምን?"

"አማርኛ ይሰማል፤ መናገር ግን ያፍራል። በዚያ ላይ አንዴ ደውሎልሽ ነበር። ዘጋሽበት።"

"እኔ ማንም ላይ አልዘጋም።"

"እሺ" አለች ቦንቱ። እሺ ያለችበት ድምፅ፣ ሰው ክርክር አያዋጣም ብሎ ሲተው የሚለው ዓይነት ነው።

ቁጥሩን ቦንቱ አነበበች። ጂሬኛ ከኋላ ስሙንና የአባቱን ስም ጮክ ብሎ ተናገረ። አሥራ ሦስተኛው ነጥብ አረንጓዴ ሆነ። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

* * *

ቀጥሎ ያለው ሥራ ጸጥታ ብቻ ነበር የሚፈልገው። መብራት ተመልሷል። ሐሴት አርባ አንዱን ቲኬት ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ከፈተች። ሲስተሙ ምክንያት ካልተጻፈ አይከፍትም። የመጀመሪያው ላይ ረጅም ጻፈች፤ ሦስተኛው ላይ አሳጠረችው፤ ከዚያ በኋላ ይህችን ብቻ ጻፈች፦ "ችግሩ የመግቢያው ነበር። ሳላጣራ ዘጋሁት። ሐሴት።" ሠላሳ ያህል ጊዜ ስሟን ስትጽፍ ስሟ የሌላ ሰው መሰላት።

አርባውም ላይ የደዋዩ ስም አለ። ቦንቱ ዘጠኝ ጊዜ፣ ጋሩማ ስድስት፣ ኢቢሴ አምስት፣ እንዲህ እያለ። ጂሬኛ የሚል ግን የለም። የቀረው አንዱ ቲኬት ስም የለውም። ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ከቀነአ ሱቅ ቁጥር። በእሷው የተጻፈ አንድ መስመር፦ የተሳሳተ ጥሪ።

ጥሪዎቹ ይቀረጻሉ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከፈተችው።

አንድ ወጣት በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ፣ አጥንቶ እንደመጣ ሰው። ከዚያ የራሷ ድምፅ። "ሄሎ። በአማርኛ ይናገሩ።" ወጣቱ ይቆማል። እንደገና ይጀምራል፤ መግባት እንዳቃተው ይናገራል። ሰባት ዓመት ነቀምቴ የኖረ ሰው የሚረዳው ኦሮምኛ ነው። "ሄሎ? በአማርኛ።" ዝምታ። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው በሙሉ።

ልቧ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ያን ቀን ምን ትሠራ እንደነበር፣ ለምን እንደቸኮለች፣ አንዱንም አታውቅም። ሁለት ጊዜ ሰማችው። በሦስተኛው አቶ መርጋ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ማዳመጫውን ነቅላ አሰማችው።

ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ይሄ ጂሬኛ ነው?"

"እሱ ነው። አሁን ድምፁን አውቀዋለሁ።" ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ የጻፈችውን አሳየችው፦ "ተማሪው በኦሮምኛ ችግሩን ተናግሯል። እየሰማሁ አላስተናገድኩትም፤ የተሳሳተ ጥሪ ብዬ ዘጋሁት። ሐሴት።"

አቶ መርጋ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው።

"አርባው ስንፍና ነው" አለ። "ስንፍና ይታለፋል። ይሄ ወረቀት ግን የት የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ገንዘብ ሰጪዎቹ ጋ ይሄዳል፤ ዞኑ ጋ ይሄዳል። መርጋ በሚመራው ቢሮ፣ ነቀምቴ ላይ፣ የኦሮሞ ልጅ በቋንቋው ሲደውል ተዘጋበት። እኔን ምን ይሉኛል?"

"እውነት ነው ግን።"

"እውነት መሆኑን ሰማሁ እኮ! ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ብለሽ ጻፊ። አንድ ቃል ነው። ቲኬቱ ይከፈታል፣ ልጁም ይገባል፣ አንቺም አትጎጂም፣ እኔም።"

"ቀረጻው አብሮ ይያዛል ኦቦ መርጋ። ኔትወርክ ብዬ ጽፌ አንድ ሰው ቢያዳምጠው ቲኬቱን ውድቅ ያደርጉታል። ልጁ ይወጣል።"

"ማን ያዳምጠዋል?"

"እኔም ማንም አያየውም ብዬ ነው አሥር ሳምንት ያላየሁት።"

አቶ መርጋ የጻፈችውን እንደገና አነበበ።

"ያለ እሱ አሥራ ሦስት ናቸው" አለች ሐሴት። "ዘርፈሽ ገብታ ጂሬኛ ከቀረ፣ ባዩሽ ጠዋት የነገረችኝ ነገር ያው ነው የሚሆነው። ሁሉም ወይም ማንም ብላኛለች።"

አቶ መርጋ በራሱ ቋንቋ ለራሱ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ሁለቱም ስክሪኑን ያያሉ። ታች ረዳቱ ጊምቢ እያለ ነው፤ አንድ ሰው ጎደለው፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው እንደጎደለው ነው።

"ውልሽን ማሳደስ አልችልም" አለ በመጨረሻ። "ብፈልግም አልችልም። ይሄን ጽፈሽ አይሆንም።"

"እሺ።"

"ሌላ ቢሮ ሰው ስፈልግልሽ..."

"ሰዓቱ ኦቦ መርጋ። የእርስዎ ማጽደቂያ ያስፈልጋል።"

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የመግቢያ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሲስተሙ እንደገና ይሞክሩ አለው። በሦስተኛው ገባ። አርባ አንድ ጊዜ ሲጫን ሐሴት ድምፁን ትቆጥር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ የአንገር ጉቲን ዝርዝር ተለወጠ። አሥራ ሦስት ስም ከሥሩ ተጨመረ። ዘርፈሽ ከላይ እንዳለች ናት፤ ፊት ለፊቷ ግን የሁለት ቀን መገኘት ተጽፎ፣ የቀሩት ቀናት እንደ ሌሎቹ ታልፈውላታል። ይህንንም ያስተካከለችው ሐሴት ናት፤ በአርባዎቹ ውስጥ የዘርፈሽም ሁለት ጥሪዎች ነበሩ።

ደወለች። ባዩሽ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

"አሥራ አራቱም ወጥተዋል" አለች ሐሴት። "መልእክቱ አሁን ይደርሳችኋል።"

"ጂሬኛስ?"

"ጂሬኛም።"

እልልታም ምርቃትም አልመጣም። ባዩሽ ትንፋሿን ስትለቅ ብቻ ተሰማ። "በይ እንግዲህ ለኢቢሴ እናት ራስሽ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ለምኜ ያስገባሁላት ይመስላታል። ይቺውት፣ አጥሩ ጋ ናት። ቆይ ላቀብልሽ።"

ሐሴት እንዳትሰጣት ልትል ነበር፤ ስልኩ ግን እጅ ለውጧል። የሌላ ሴት ድምፅ፣ ጠንካራና የተጠራጠረ፣ በኦሮምኛ ሰላም አላት። ሐሴት ቲማቲምና ከሰል በምትገዛበት በተሰባበረው ኦሮምኛዋ ጀመረች። ልጆቹ እንዳለፉ ተናገረች። "ኩዳ አፉር" አለች፣ አሥራ አራት። "ሁንዱማ።" ሁሉም። ግሱን ሳተችው፤ ሴትዮዋ አረመቻት፤ እሷም የታረመውን ደገመች።

ከዚያ ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሐሴት ከጥያቄው ግማሹን ነው የያዘችው፤ ግማሹ በቂ ነበር። ታዲያ መጀመሪያ ልጆቹን የጣላቸው ማን ነው፣ ነው የምትለው።

"አነ" አለች ሐሴት። እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ እሺም አላለችም፣ ደህና ዋይም አላለችም፤ ስልኩ ክፍት እንደሆነ የሁለት ሴቶች ድምፅ እየራቀ ሄደ። አንዷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ስለ ውሃ ነበር የሚያወሩት፤ ማታ ቧንቧው ይመጣ እንደሆነ። ሐሴት ትንሽ ሰማችና ዘጋችው።

ማዳመጫውን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። አሥር ሰዓት ሆኗል። የድጋፍ መስመሩ እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው፤ ስልኩ መጥራት ጀመረ። አቶ መርጋ አያት። ውሏ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንስታ ስልኩን ወደ እሱ ጠረጴዛ ገፋችለት።

"ስማቸውን ይጠይቁ" አለች። "ከዚያ የስም ዝርዝሩን ገጽ ይክፈቱ። መጀመሪያ እሱን።"

አቶ መርጋ አነሳው። "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላም ሲል ሰማችው። ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዞረች፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ በሩን ወደ ላይ አነሳችና፣ እስኪገጥም ስባ ዘጋችው።